ክሮዝ-ኤርሚታዥ፦ የክብሪትና የቋንጣ ሽታ ያለው ቀይ ወይን ተበላሽቷል ወይስ ጠባዩ ነው?

አዲስ_ቀማሽ

ሰላም ለቤቱ። ከአንድ አምራች የመጡ ሁለት ጠርሙስ ክሮዝ-ኤርሚታዥ (ከፈረንሳይ ሰሜን ሮን ሸለቆ የሚመጣ ቀይ ወይን) ጎን ለጎን ተከፍተው ነበር፤ አንዱ የ2021፣ ሌላው የ2022 ለቀማ (እ.ኤ.አ.)። መለያው ላይ የመጀመሪያው 12.5፣ ሁለተኛው 14 በመቶ አልኮል ይላል። የ2021ዱ ገና ሲቀዳ የተጫረ ክብሪት ሸተተ፤ ቆየት ሲል ቁንዶ በርበሬ፣ ቋንጣና ጥቁር የወይራ ፍሬ ወጣው። ፍሬው ስስ ነው፣ ምራቅ ያስመጣል። የ2022ቱ ደግሞ ጥቁር እንጆሪና ፕሪም የሞላበት፣ ወፍራም፣ ድድ የሚያደርቅ ነው፤ ቁንዶ በርበሬው የለም ማለት ይቻላል። ከጠጪዎቹ አንዷ በ2021ዱም ቢሆን «ምንም ቁንዶ በርበሬ አይሸተኝም» ብላ ድርቅ አለች።

የክብሪቱ ሽታ ብልሽት ነው? ሁለቱ ዓመታት እንዲህ የተራራቁትስ ለምንድን ነው? ከሀበሻ ምግብ ከየትኛው ጋር ይሄዳል? ሱቁ ውስጥ ደግሞ «ኤርሚታዥ» ብቻ የሚል ጠርሙስ አለ፣ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ስማቸው ከተመሳሰለ ልዩነቱ ምንድን ነው? ከሁለቱም ዓመት አንድ አንድ ጠርሙስ ገና ስላልተከፈተ ምክራችሁ ይጠቅመኛል።


የቡሽ_ሰው

በክብሪቱ ልጀምር። ብልሽት አይደለም፣ ቶሎ የሚያልፍ ነገር ነው። ቀይ ክሮዝ-ኤርሚታዥ የሚሠራው ከሲራ ወይን ነው፤ ሲራ ደግሞ ሲፈላም ሲቀመጥም አየር የሚጠማው ዝርያ ነው። ጭማቂው ውስጥ ለእርሾው የሚሆን ናይትሮጅን ሲያንስ ወይም ጋኑ ውስጥ አየር ሲጠፋ እርሾው የድኝ ጋዝ ያወጣል። ጎበዝ አምራች በየጊዜው ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው እያገላበጠ አየር ያስነካዋል። ያ ሥራ ጎደል ካለ ወይም ወይኑ በጣም ተዘግቶ ከታሸገ ሽታው ጠርሙስ ውስጥ ይጠብቅሃል።

ደረጃ አለው። ቀላሉ ክብሪት ወይም የተተኮሰ ርችት ይሸታል። መካከለኛው የተበላሸ እንቁላልና ጎማ። ከባዱ የተቀቀለ ጎመንና ሽንኩርት ነው፤ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ቀሪውን የ2021 ስትከፍት እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ አንድ ሩብ ብርጭቆ ቅዳና ሳታዞረው አሽት፣ ከዚያ ለ30 ሰከንድ ያህል አዙረህ እንደገና አሽት። ክብሪቱ ከቀነሰ ጠርሙሱን በሙሉ ከፍ አድርገህ ወደ ሰፊ ጆግ ገልብጠውና ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ተወው። ካልቀነሰ ሁለት ብርጭቆ እኩል ቅዳ፣ አንዱ ውስጥ በደንብ የታጠበ የመዳብ ቁራጭ ለአንድ ደቂቃ ነክረህ አውጣና አወዳድር። መዳቡ የገባበት ሽታው ከጠፋ ጥፋተኛው ድኝ ነበር ማለት ነው። ይህ መመርመሪያ ብቻ ነው፤ መዳቡን ጠርሙስ ወይም ጆግ ውስጥ ትተህ እንዳትሄድ፣ የወይኑ አሲድ መዳብን ያሟሟል።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ቡሽ ያበላሸው ወይን ነው። ጠባዩ ተቃራኒ ነው፦ ድኝ በአየር ይጠፋል፣ የቡሽ ብልሽት በአየር ይብሳል። ሲከፈት ወይኑ ዝም ብሎ ደንዝዞ ይቀርባል፣ ፍሬ የለውም፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ የረጠበ ካርቶንና የሻገተ ምድር ቤት ይሸታል። መድኃኒት የለውም። ሳትጠጣው ቡሹን መልሰህ ክተትና ወደ ሱቁ ውሰደው፤ ግማሹን ጨርሶ ለመጣ ሰው ብዙ ሱቅ አይቀይርም። ብርጭቆህ ላይ የቡሽ ፍርፋሪ ቢንሳፈፍ ግን ያ ሌላ ነው፤ ቡሹ ተሰብሯል እንጂ ወይኑ ምንም አልሆነም።

ቋንጣው ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሲራ የራሱ የሥጋና የጭስ ጠረን አለ፣ ከሥሩ ፍሬው ይሰማል፣ ሲዋጥም አፍ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ብሬታኖማይሲስ የሚባለው እርሾ ያመጣው ከሆነ ግን ሽታው የፈረስ ጋጣ፣ ላብ የነካው ቆዳና የቁስል ፕላስተር ነው፤ ፍሬውን ይሸፍናል፣ ሲዋጥ ደረቅና ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል። በአየርም በመዳብም አይለቅም። በሮን አካባቢ ትንሽ ሲሆን የሚወዱት ሰዎች አሉ። እኔ ግን አልወድም፤ ገንዘብ ከፍሎ ኮርቻ ማሽተት አይገባኝም።


ሮን_ተዳፋት

የቡሽ_ሰው ያለው ልክ ነው፤ እኔ ቁንዶ በርበሬውን ልውሰድ።

ያልሸተታት እመቤት አልዋሸችም። ሽታውን የሚያመጣው ሮተንዶን የሚባል ውሕድ ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ነው ሲራ ውስጥ መኖሩን ያሳወቁት፤ ቁንዶ በርበሬውም ራሱ የሚሸተው በዚሁ ውሕድ ነው። በአንድ ሊትር ቀይ ወይን 16 ናኖግራም ገደማ ሲኖር አብዛኛው ሰው ይሸተዋል። በዚያው ጥናት ከተሳተፉት ግን ከአምስት አንዱ ያህል ብዙ መቶ እጥፍ ተጨምሮለትም አልሸተተውም። ስለዚህ በአንድ ጠርሙስ ዙሪያ ስድስት ሰው ሲቀመጥ ቢያንስ አንዱ ሌላ ወይን ነው የሚጠጣው ማለት ይቻላል። ክርክሩን ተዉት።

ሮተንዶን የሚቀመጠው ፍሬው ቆዳ ላይ ነው። ዘለላው ጥላ ሲያገኝና ፍሬው በቀዝቃዛ አየር ቀስ ብሎ ሲበስል ይጨምራል፤ ፀሐይና ሙቀት ሲበዛ ይቀንሳል። የሁለቱን ዓመቶችህን ልዩነት እዚህ ታገኘዋለህ። 2021 በሚያዝያ መጀመሪያ ከባድ ውርጭ የመታው፣ ክረምት መሳይ በጋ ያለፈበት ዓመት ነው፤ ስኳሩ ዝቅ ስላለ አልኮሉ 12.5 ላይ ቀረ፣ ኮምጣጣነቱ ቆየ፣ ቁንዶ በርበሬውም ወጣ። 2022 ድርቅና ሐሩር ነበር፤ ቆዳው ወፍራም፣ ታኒኑ (ድድ የሚያደርቀው ነገር) ብዙ፣ ፍሬው ወደ ማርማላታ የተጠጋ። አንዱ ደካማ ሌላው ጠንካራ አይደለም። ሰሜን ሮን ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን 2021ን ቢቀምስ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ 2022ቱን ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀምስ ሰው ከደቡብ ፈረንሳይ የመጣ ሊመስለው ይችላል።

አምራቹም እጁ አለበት። አንዳንዱ ፍሬውን ከዘለላው እንጨት ሳይነጥል ከነዘለላው ያፈላል። እንጨቱ በደንብ ከበሰለ የሻይ ቅጠልና የደረቀ ቅጠላ ቅጠል ጠረን፣ እንዲሁም ለስለስ ያለ ቅዝቃዜ ይሰጣል፤ አረንጓዴ ከሆነ መራራ ይሆናል፣ እንደ 2021 ባለ ዓመት ይህ ዕዳ ነው። በርሜሉን ደግሞ ተመልከት፦ አዲስና ትንሽ (225 ሊትር ገደማ) የኦክ በርሜል ቫኒላና የተጠበሰ ቡና ያመጣል፣ ቁንዶ በርበሬውንም ይጋርዳል። ክሮዝ ላይ የተሻለው አሮጌና ትልቅ 600 ሊትር በርሜል ወይም የሲሚንቶ ጋን ነው። ብዙ ጊዜ የጀርባው መለያ ላይ ይጽፉታል።

አሁን ወደ ስሙ። ኤርሚታዥ በሮን ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከታን-ሌርሚታዥ ከተማ ራስጌ ያለ አንድ ኮረብታ ነው፣ ወደ ደቡብ የዞረ፤ ወይን የተተከለበት መሬት 140 ሄክታር አይሞላም። ክሮዝ-ኤርሚታዥ በዙሪያው ያሉት 11 ቀበሌዎች ናቸው፣ ከ1,500 ሄክታር በላይ። ሁለቱም ስማቸው በሕግ የተከለለው በ1937 ነው። የዋጋው ልዩነት ከዚያ ይጀምራል፦ ኮረብታው አይሰፋም፣ ቁልቁለት ስለሆነ አብዛኛው ሥራ በእጅ ነው፣ በደቡብ በኩል ያለው የክሮዝ ሜዳ ግን ትራክተር ያስገባል።

ክሮዝ ውስጥም አንድ ዓይነት ወይን አታገኝም። ደቡቡ፣ ሌ ሻሲ የሚባለው ሜዳ፣ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ነው፤ ለስላሳ፣ ፍሬው የሚቀድም፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ቢጠጣ የሚሻል ወይን ይወጣዋል። በሰሜን ዤርቫን አካባቢ የግራናይት ድንጋይ ያለበት ተዳፋት አለ፤ ከዚያ የሚመጣው ቀጠን ያለ፣ ጭስና ወይራ የሚበዛበት ነው፣ 8 ዓመትም ይቆያል። መለያው ላይ የመንደር ስም ፈልግ።

ኤርሚታዡን ገዝተህ በ4 ዓመቱ ከከፈትክ ገንዘብህን ጣልክ። ያኔ ዝግ ነው፤ ታኒኑ ፊት ለፊት ቆሞ ሌላውን አያሳይህም። ከ10 ዓመት በታች መክፈት አያዋጣም፣ ጥሩው 20 እና 30 ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቦርዶ ነጋዴዎች የራሳቸው ወይን ሲሳሳ ኤርሚታዥ እየጨመሩ ያወፍሩት ነበር፣ በግልጽም ያስተዋውቁት ነበር። ዛሬ እንዲህ አድርጎ ቦርዶ ብሎ መሸጥ አይፈቀድም። መሃል ያለውን ዋጋ ከፈለግህ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሳን-ዦዜፍ ሞክር፤ ከበድ ያለና ቦታውን የሚናገር ከፈለግህ ኮርናስ አለ፣ እሱ በሕግ ሲራ ብቻ ነው። ኮት-ሮቲ በሚባለው ሌላው የሰሜን ሮን አካባቢ እስከ 20 በመቶ ቪዮኒዬ የሚባል ነጭ ወይን አብሮ ማፍላት ይፈቀዳል፤ የቫዮሌትና የኮክ ጠረኑ የሚጎላው በዚያ ነው።


ጓዳ_ሹም

ምግቡ ላይ ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ ነው የሚጠይቀው፣ መልሱም አይወደድም፦ ሁለቱም አይሄዱም፣ በተለይ የ2022ቱ። አልኮል በርበሬ የሚነካውን የምላስ ነርቭ ያነቃቃል፣ 14 በመቶ ሲሆን ቃጠሎው እጥፍ ይመስላል። ታኒኑ ደግሞ በርበሬ ያስቆጣውን ምላስ ይፍቀዋል፤ ወጡም ወይኑም መራራ ይሆናሉ። የግድ ከሆነ የ2021ዱን እስከ 13 ዲግሪ አቀዝቅዘህ አቅርብ። ቅዝቃዜ ቃጠሎውን ያበርዳል።

ትክክለኛው ቦታው ጥብስ ነው። ምክንያቱም ደስ ይላል፦ የጥብስ ቅጠል ውስጥም ያው ሮተንዶን አለ። ለ1 ኪሎ የበግ ሥጋ አንድ ጣት የሚያህል የጥብስ ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ። ሚጥሚጣ አትንካ፣ ቃሪያውንም ፍሬውን አውጥተህ ብቻ ጨምር። ብረት ድስቱ በጣም ይጋል፣ ሥጋው በሁለት ዙር ይጠበስ። አንድ ላይ ከከመርከው ውኃ አውጥቶ ይቀቀላል፣ ያኔ ከወይኑ የጭስ ጠረን ጋር የሚገናኝ ነገር አይኖርም። ቁንዶ በርበሬውን ከእሳት ካወረድክ በኋላ ነስንስ፣ ሲቃጠል ጠረኑ ይሸሻል።

ለ2022ቱ ስብ ያለው ያስፈልጋል። ክትፎ ለብለብ ከአይብ ጋር፣ ሚጥሚጣው ለብቻው በጎን። ቅቤውና ጨዉ ታኒኑን ያለሰልሱታል። አልጫ የበግ ወጥም ይሄዳል። ጎመን ተው፣ ምሬቱን ያወጣዋል።

እንጀራን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኮምጣጣ ምግብ ወይኑን ከነበረው ያነሰ ኮምጣጣ ያስመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ሦስት ቀን ከተቦካ እንጀራ ጋር ሲገናኝ ልፍስፍስ ይላል፤ የ2021 ዓይነቱ ግን ይስተካከላል። ለብቻው ስትቀምሰው «ስስ» ያልከው እዚያ ማዕድ ላይ ጥቅም ይሆናል።

አንድ ነገር ላይ ከቡሽ_ሰው ጋር አልስማማም። ለ2021ዱ 40 ደቂቃ ጆግ ውስጥ ይበዛል። ቀጭን ወይን ነው፣ ክብሪቱ ሲሄድ ስሱ የአበባ ጠረኑም አብሮ ይሄዳል። 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ የቀረውን ብርጭቆ ውስጥ ይጨርስ። 40 ደቂቃውን ለ2022ቱ ስጠው።


የቡሽ_ሰው

ተቀበልኩ፤ ለ2021ዱ ከ15 ደቂቃ በኋላ እያሸቱ ማቆም ነው። የሙቀቱን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የ2022ቱ ግማሽ ችግር እሱ ይመስለኛል። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚባለው የድሮ ፈረንሳይ ክፍል ነው፣ 16 ወይም 17 ዲግሪ። 24 ዲግሪ ያለው ሳሎን ውስጥ 14 በመቶ አልኮል አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬውም የተቀቀለ ይመስላል። ፍሪጅ ውስጥ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ወይም በረዶና ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ 10 ደቂቃ። በረዶ ብቻውን ሳይሆን ከውኃ ጋር፣ አለዚያ ጠርሙሱን አይነካካውም። ከ12 በታች ግን አታውርደው፣ ታኒኑ ብቻ ይቀርልሃል። ብርጭቆውም ከሲሶው በላይ አይሞላ፤ የሚዞርበት ቦታ ከሌለ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው።


አዲስ_ቀማሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ተጨማሪ፦ ከዝዋይ የሚመጣው የሪፍት ቫሊ ሲራም ዝርያው ይኸው ከሆነ ለምን ቁንዶ በርበሬ የለውም? የእኔ አፍንጫ ነው ወይስ ወይኑ?


ሮን_ተዳፋት

ዝርያው አንድ ነው። በ1998 በዘር ምርመራ የታወቀው ሲራ ዱሬዛ የሚባል ጥቁር ወይንና ሞንደዝ ብላንሽ የሚባል ነጭ ወይን ተዳቅለው የወለዱት መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ከደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ናቸው። ከዚያ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። የዝዋዩን እርሻ የተከለው የፈረንሳዩ ካስቴል ነው፣ ወይኑ ገበያ የወጣው በ2014 (እ.ኤ.አ.)። አገሩ ግን ሌላ ነው። ክሮዝ 45ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ነው፣ ክረምቱ ተክሉን በውርጭ ያስተኛዋል፣ በበልግ ይነቃል፣ ፍሬው በመስከረም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይጨርሳል። ዝዋይ በ8ኛው ኬክሮስ ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። ውርጭ የሚያስተኛ ክረምት የለም፤ እንዲህ ባለ ቦታ ወይን የሚተኛውና የሚነሳው ገበሬው በሚገርዝበት ጊዜ ነው። ፀሐዩ ደግሞ ጠንካራ ነው። ከዚያ የበሰለ ፍሬ መጠበቅ ተገቢ ነው፣ ሮተንዶን ግን ብዙ አትጠብቅ። አፍንጫህ ጤነኛ ነው፣ የ2021ዱን አሽትተሃልና።

ሁለቱን ማወዳደር ከፈለግህ በአንድ ሙቀት፣ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልለህ አድርገው። መለያ ያየ ሰው ቀድሞ ፈርዷል።


ጓዳ_ሹም

ሳይጠጣ ለተረፈው፦ ቡሹን በታሸገበት ጫፍ መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ አቁመው፣ አታስተኛው። የ2022ቱ እስከ ሦስተኛው ቀን ደህና ነው፣ እንዲያውም በማግሥቱ ይሻላል። የ2021ዱ በማግሥቱ ካልተጠጣ ይደክማል። ከመጀመሪያው ግማሹን ብቻ እንደምትጠጣ ካወቅህ ጠርሙሱን እንደከፈትክ 375 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልተህ ክደነው፤ አየር ስለሌለ ሳምንት ይቆያል። ከመጠጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጣው። አቼቶ ከሸተተ አትጠጣው፣ ወጥም ውስጥ አትጨምረው። ድካም ብቻ ከሆነ ያለበት ግን ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ አንድ የቡና ሲኒ ወደ ጥብሱ ገልብጥና የአልኮሉ ሽታ እስኪጠፋ አንተክትከው።